ስልክ የሌለው ልጅ አያውቅም ያለው ማነው?



ባለፈው ጳጉሜን በማኅበራችን ግቢ የተደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ብዙ ወሬ እንዳስነሣ የታወቀ ነው። በቡና ላይ ተወርቷል፣ በቦኖው ሰልፍ ላይ ተወርቷል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተወርቷል። እኛ የማኅበሩ ጸሐፊና የሥራ አስፈጻሚው አባሎች ዝም ብለን የከረምነው ነገሩ በራሱ ጊዜ ይበርዳል ብለን ነበር። አልበረደም። ጭራሽ አሁን የወጣት ክፍሉ ኮሚቴ «ከእንግዲህ ውድድሩ ዘወትር በስልክና በኢንተርኔት ይካሄድ፤ ለፕሮጀክተር ኪራይና ለአጫዋች 15,000 ብር ከማኅበሩ ሣጥን ይመደብ» የሚል ማመልከቻ አስገብቷል። ጉዳዩ በመጪው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ስለዚህ እኛም ሐሳባችንን ሳንሸፋፍን እዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። የተቃወመን ሰው ከሥሩ መልሱን ጽፎ ይለጥፍ፤ ቦታ ትተንለታል።

ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን ታች ስልክ ይዞ ይመጣል። ኢንተርኔት ከፍቶ ጨርቁ ላይ የታየውን ቁጥር ያስገባል፣ ስሙን ይጽፋል። ጥያቄው ሲነበብ ስልኩ ላይ ያለውን ትልቅ ቀይ ቁልፍ ይነካል፤ ቀድሞ የነካው ስሙ ከሁሉ በላይ ይወጣል፣ መልሱን ይናገራል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው ዙር ካሁት በሚባለው ጨዋታ ነበር፤ በኖርዌይ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበ ነው፣ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል። በዚያን ቀን ጥያቄውም ምርጫውም የታየው ጨርቁ ላይ ሲሆን ስልኩ ላይ የነበረው አራት ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ጨርቁ ካልታየው ቀለም ሲነካካ ነው የዋለው። ትክክል ቢነካም እንኳ፣ ወዲያው የነካ እስከ 1,000 ነጥብ ሲያገኝ አስቦ በሰዓቱ መጨረሻ የነካ የዚያኑ ግማሽ ያህል ነው የሚደርሰው። ይኸ ማለት እኮ ማሰብ ያስቀጣል ማለት ነው።

በዚያን ቀን ለመወዳደር የመጡት ልጆች 41 ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ 17ቱ ስልክ የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። «እናንተ ተመልካች ሁኑ፣ አጨብጭቡ» ተባሉ። አጨበጨቡ። ከነሱ መካከል አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ እናቷ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ይህች ልጅ አምና በደወል በተደረገው ውድድር የላይኛውን መንደር ቡድን ይዛ አንደኛ ያወጣች ናት። ዘንድሮ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥያቄው በተነበበ ቁጥር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጠጋ ብለን አዳመጥን። በተከታታይ ሦስት ጥያቄ በትክክል መለሰች፣ የሰማናት ግን እኛ ብቻ ነን። በማግሥቱ እናቷ ወደ ጽሕፈት ቤት መጥተው የተናገሩትን ቃል በቃል እንጽፈዋለን፤ «የወር መዋጮ ስትቀበሉኝ ታች ስልክ አለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?» መልስ አጣን። ቡና ጠጡ አልናቸው፣ እምቢ ብለው ሄዱ።

የወጣት ክፍሉ ለዚህ መልስ አለው። «ይዋሱ» ይላል። ከማን? ስልክ ዛሬ እንደ ወንፊት ከጎረቤት የሚዋሱት ዕቃ አይደለም። የሰው ብር በቴሌብር ያለው በውስጡ ነው፣ የሰው ምሥጢር ያለው በውስጡ ነው። ደግሞስ የተዋሰ ልጅ ዳታውን ማን ይገዛለታል?

ሁለተኛው ነገር የመቅደም ጉዳይ ነው። ሁለት ቤተሰብ እስከ ዛሬ ሰላምታ ያቋረጠበት ነውና ጠንከር አድርገን እንናገረዋለን። በአሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ አንድ ልጅ ሁላችንም እያየነው ጣቱን አሳረፈ። ከአጠገቡ ያለው ልጅ ዘግይቶ ነካ። ጨርቁ ላይ ግን ቀድሞ የወጣው የዘገየው ስም ነው። የመጀመሪያው ልጅ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ የቀደምኩት፣ አይታችኋል!» ብሎ አለቀሰ። አጫዋቹ «ማሽን አይዋሽም» አለ። አባትዬው ተነሡ፣ ያኛውም አባት ተነሡ፣ ወንበር ተገለበጠ። ያኔ ሽማግሌዎች ባይገቡ ኖሮ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የሚያድረው።

ማሽን አይዋሽም፤ እውነት ነው። ግን ማሽኑ የሚያውቀው ምንድነው? ልጁ መቼ እንደነካ አይደለም የሚያውቀው፤ የልጁ ምልክት መቼ እንደደረሰው ነው። ከሰፈራችን ልጆች አንዱን፣ ኮምፒዩተር የሚማረውን፣ ጠይቀን እንዳስረዳን ከሆነ ስልኩ ሲነካ መልእክቱ ከዲላ ተነሥቶ በኔትወርኩ ማማ አልፎ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከአገር ወጥቶ፣ ሌላ አገር ካለ ትልቅ ኮምፒዩተር ደርሶ ነው የሚመለሰው። ኔትወርኩ ደኅና ሲሆን ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ አይበልጥም። ኔትወርኩ ሲወላውል ግን አንድ ሰከንድም፣ ሁለት ሰከንድም ይፈጃል። ሰው ምልክት አይቶ ጣቱን እስኪያሳርፍ የሚወስድበት ጊዜ ደግሞ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የጣት ልዩነት ከዓይን ቅንድብ ያነሰ ሆኖ ሳለ የኔትወርክ ልዩነት ክንድ ያህል ነው። የተወዳደሩት ልጆቹ ናቸው ወይስ ስልኮቹ? አዲስ ስልክ የያዘ ቀደመ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ የያዘ ተቀደመ። ይህን ዕውቀት ብለን ልንሸልም ነው?

መብራትም ጠፋ፤ ይህን ብዙ አናወራበትም፣ የተለመደ ነው። ጨርቁ ጨለመ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ አርባ ደቂቃ የአጫዋቹን ፊት ሲያይ ቆየ። ደወል ቢሆን ኖሮ በፋኖስም ይቀጥል ነበር።

ወደ ጥያቄዎቹ እንምጣ። እኛን ከሁሉ ያንገበገበን ይኸ ነው። ሠላሳ ጥያቄ ተጠይቋል። ዘጠኙ የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው። የቀሩት የሩቅ አገር ዋና ከተሞች፣ የፊልም ተዋንያንና የስልክ ዓይነቶች ናቸው። አጫዋቹ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ከኢንተርኔት አውርዶ እንዳለ አምጥቶት ነው። ጌዴኦን የሚመለከት አንድም አልነበረም፤ በጌዴኦኛ የተጠየቀም አንድም አልነበረም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የዓለም ሕዝብ የእንሰቱንና የቡናውን ጥምር እርሻ፣ የድንጋይ ትክሎቹን፣ የጥብቅ ደኑን አክብሮ መዘገበ። የእኛ ልጆች ግን በገዛ ግቢያቸው ስለ ቱቱ ፈላ ወይም ስለ ጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች አልተጠየቁም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ ጦር ይዞ ባላባቱን ስለተጋፈጠበት ስለ ሚችሌ አልተጠየቁም። አያቶቻቸው እኮ ያሉበት ታሪክ ነው።

በእረፍት ሰዓት ከመድረኩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እናት «እስቲ እኔም ልጠይቅ» ብለው ልጆቹን «እንሰት ተተክሎ ስንት ዓመት ላይ ይፋቃል?» አሏቸው። አንዱ «አራት»፣ አንዱ «ሰባት» አለ። እናትዬው ሣቁ። «እንደ ዓይነቱ ነው፣ እንደ አገሩም ነው፤ ቡሌ ደጋው ላይና እዚህ ታች አንድ አይደለም» ብለው ያስረዱ ጀመር። ልጆቹ ስልካቸውን ትተው ከበቧቸው። ከዚያን ቀን ውድድር ሁሉ ትምህርት የተገኘባት ያቺ አሥር ደቂቃ ነበረች፤ ነገር ግን እንደዚህ ያለ መልስ ከአራቱ ቀለም በየትኛው ይገባል?

አሁን የወጣት ክፍሉን ዋና ክርክር ሳንሸሽ እንመልከት። ልጆቹ ሞኞች አይደሉም። «በደወሉ ጊዜ ዳኛ ያዳላ ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ዓመት ዳኛው የእህቱን ልጅ እጅ ብቻ እያየ ስንት ክርክር አስነሥቷል። ያንን እኛም አንረሳውም፣ ከመካከላችን አንዱ በዚያን ጊዜ የቀረጻ ሠንጠረዡን ይዞ ነበርና ያፍርበታል። ማሽን የእህት ልጅ የለውም። ሆኖም ያን ዳኛ ተቃወምነው፣ ስብሰባ ጠርተን አነሣነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተመረጠ። ሌላ አገር ያለውን ኮምፒዩተር የት ጠርተን ነው የምናነሣው?

«ዘመኑ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንኳ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒዩተር ሆኗል» ይላሉ። ሆኗል፤ ደግ ሆኗል። ግን በዚያ ፈተና ቀድሞ የነካ ነው ወይ የሚያልፈው? አንብቦ፣ አስቦ፣ ተመልሶ አይቶ የሠራ ነው የሚያልፈው። የሚለማመዱ ከሆነ ያንን ይለማመዱ። ለዚህ ቴሌግራም ላይ ያለው የጥያቄ ጨዋታ እንኳ ይሻላል፤ ልጁ ቤቱ ሆኖ፣ የወንድሙን ስልክ ይዞ፣ ማንም ሳይሽቀዳደመው ይሠራዋል።

እኛ በትምህርት ብዙ የገፋን አይደለንም። ከመካከላችን ከስምንተኛ ያላለፍን አለን፣ ይህን የሚጽፈውም አንዱ ነው። ግን እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ሲሆን ጌዴኦኛ አንዱ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሌላው ቢያከራክርም አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ ማንም ሰው በር ላይ «ምን ዕቃ ይዘሃል» ተብሎ አልተመለሰም። በሶንጎ ላይስ ቢሆን ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ ሌላው ያደምጣል እንጂ ጣቱ የፈጠነ ነው ወይ የሚሰማው?

ስለሆነም 15,000 ብሩን አጥብቀን እንቃወማለን። ስልኩን ግን ጨርሰን አንቃወምም፣ እንዲህ ብለው የሚያወሩብን ይታረሙ። የምንለው ይህ ነው። ውድድሩ በየመንደሩ አምስት አምስት ልጅ ባለበት ቡድን ይሁን እንጂ በነጠላ ሰው አይሁን፤ በስልክ ከተባለም ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ፣ ያውም ማኅበሩ ያቀረበው ተመሳሳይ ስልክ ይሁን። ኢንተርኔት ውስጥ ሳይገባ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ዋይፋይ ግቢው ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማዘጋጀት ይቻላል ብለውናል በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የሰፈራችን ልጆች፤ ያኔ የሁሉም ርቀት አንድ ይሆናል። ከዚያም የሚቀል አለ። የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአራት የበር ደወል ቁልፍ፣ በአራት አምፖልና በአንድ የመኪና ባትሪ፣ ቀድሞ የተነካው ሲበራ የሌሎቹን መስመር በራሱ የሚቆርጥ ሣጥን እሠራለሁ ብሏል። የእጅ ዋጋ አልጠየቀም። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ቀድሞ የነካ ቡድን ወዲያው ይመልስ አይባል፤ አሥር ሰከንድ ይመካከር። ጥያቄዎቹን ሁለት መምህራን፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎችና ሁለት ወጣቶች ያዘጋጁ፤ ከሦስቱ አንዱ ስለ አካባቢያችን ይሁን፣ ከነዚያም የተወሰነው በጌዴኦኛ ይጠየቅ። የዳኛው ውሳኔ ከማሽኑ በላይ ይሁን፤ ዳኛውም ዘመድ የሚወዳደርበት ቀን ይነሣ። የወጣት ክፍሉ ካልተስማማ ስልክ ለሌላቸው ለ17ቱ ልጆች ምን እንዳሰበ በስብሰባው ላይ ቆሞ ይንገረን፤ ስማቸው ዝርዝር ጽሕፈት ቤት አለ።

የሁለቱን አባቶች ነገር ሽማግሌዎች ይዘውታል፤ ከስብሰባው በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣሉ። ስብሰባው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። ልጆችም መጥተው እንዲናገሩ ተፈቅዷል፤ ድምፅ ግን አይሰጡም። አሮጌው ደወል ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ ምላሱ ላልቷልና የሚያጠብቅ ሰው ብንዴ ይዞ ቢመጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አስፈጻሚው