ሙቀቱን በግምት አንተወው

ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ሥጋ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ፣ ሙቀቱ በሴንሰር እየተለካ ይጓዛል። እኛ ግን እዚህ ካርቲየ ሰባት የክፍላችንን ሙቀት «ዛሬስ ባሰ» እያልን በግምት እናወራዋለን።

የሴንሰር አሠራር ለተማሪ የሚከብድ አይደለም። በፋብሪካዎች የተለመደው የፕላቲነም መለኪያ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመግታት ኃይሉ ይጨምራል፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ኦም የነበረው በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ብረት መቅረቡን ሳይነካ የሚያውቀው ሴንሰርም በመግነጢሳዊ መስኩ ላይ የመጣውን ለውጥ ያነባል። ሁለቱም ለውጡን ይናገራሉ፤ «ይብቃ» የሚባልበትን ወሰን የሚያስቀምጠው ግን ሰው ነው።

ስለዚህ በየክፍሉ ቴርሞሜትር እንስቀል፤ ተማሪዎች በየሰዓቱ ይመዝግቡ። ከስንት ዲግሪ በላይ ትምህርት እንደሚቆም ወላጆችና መምህራን አብረን እንወስን። ለሥጋ የተደረገው ጥንቃቄ ለልጆቻችን አይነፈግ።