ሳንለካ አንቀይር፣ ሳንለካ አንመልስ

“ሞተር ከወረደ አይቀር ሁሉም ይቀየር” የሚሉ አሉ። “የሚሠራውን አትንካ፣ ፋሻ ብቻ ለውጥለትና ይሂድ” የሚሉም አሉ። ጅግጅጋ ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። እነዚህ ሰዎች የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ በእኔ አስተያየት አንድ ናቸው። ሁለቱም ሳይለኩ ይፈርዳሉ።

ነገሩ ለእኛ ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ቀላል አይደለም። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይም በዕድሜ በገፉት ላይ፣ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ከቀብሪበያህ እስከ ቶጎ ውጫሌ የምናያቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። ያለው ሞተር መታደስ አለበት፤ የሚያድሰውም የእኛ እጅ ነው።

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ጋራዥ የገጠመኝን ላንሳ። ቱኤች የሚባለውን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ የናፍጣ ሞተር የያዘ አሮጌ ላንድክሩዘር መጣ። ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በዚያች መኪና ነው። “ልጄ፣ ዛሬ የቆመች መኪና ዛሬ አታበላም” አሉኝ። ቶሎ እንድትወጣላቸው ፋሻና ጓርኒሲዮን ብቻ ተቀይሮ ሞተሩ ተገጠመ። ፒስተኖቹን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ቦር ጌጁ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ማንም አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ሦስት ወር ሳይሞላ መኪናዋ ያንኑ ጭስ ይዛ ተመለሰች። አሁን ተለካ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት ከፋብሪካ ሲወጣ 91 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ በኩል፣ የመጀመሪያው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ ተገኘ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የክብ ዙሪያ ስፋቱን በ3.14 እጥፍ ስለሚከተል የፋሻው አፍ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ክፍተት አግኝቷል ማለት ነው። በዚያ ክፍተት ጋዙ ወደ ታች ያመልጣል። ሲሊንደሩ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ስለሆነም ፋሻው በየምቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ዘይቱን በደንብ መጥረግ አይችልም። እንዲህ ያለ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ የባሰው ሌላ ነበር። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ማጣሪያው አዲስ ቢሆንም አቧራው ከጀርባው እየገባ ነበር። የአካባቢያችንን አቧራ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ውስጡ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከብረት ይጠነክራል። ሲሊንደሩን የበላው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ይህ ቱቦ ነው። ቱቦው ሳይቀየር ሞተሩ በሙሉ ቢታደስ እንኳ ያው ነበር።

በሌላ በኩል በሁለተኛው ጊዜ “ቴስታታውም ኮሎውም ይቀየር” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስተኝተን በፊለር ጌጅ ስናየው አልተጣመመም፤ ስንጥቅም የለውም። ኮሎው በማይክሮሜትር ሲለካ በመመሪያው ልክ ውስጥ ነው። ሁለቱም ተመለሱ። በልክ ላይ ያለን የፋብሪካ ኮሎ አውጥቶ ምንጩ በማይታወቅ አዲስ መተካት “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ነው። ማለትም መለካት ወጪ ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነው።

እርግጥ ሁሉም ነገር አይለካም። ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ሲልና ማጣሪያ ሞተር በተከፈተ ቁጥር ይቀየራሉ፤ ክርክር የለውም። ዋንኤችዜድ በሚባለው ኋላ በመጣው የላንድክሩዘር ሞተር ላይ ያለው የታይሚንግ ቀበቶም መልኩ ቢያምርም በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና። ቱኤች ግን ቀበቶ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚሠራው። ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ኮሎና የቫልቭ ጋይድ ደግሞ ልኬታቸው ይፍረድባቸው። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ለተበላሸ ዕቃ “ምን አበላሸው?” የሚል ጥያቄ ይከተል። ቤሪንግ ከተበላ የዘይት ፖምፓው፣ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ራዲያተሩ ይታይ።

“ባለ መኪናው ገንዘብ የለውም፣ ምን እናድርግ?” ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ የለውም። ግን እኮ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ሁለት ጊዜ መክፈል የማይችለው። ልኬቱ በወረቀት ይጻፍለት፤ ይህ የግድ ነው፣ ይህ ለአንድ ዓመት ይቆይ ይሆናል፣ ይህ ደህና ነው ይባልና ምርጫው የእሱ ይሁን። ፋሻ ብቻ ከመረጠም እንደማይቆይ አውቆ ይምረጥ። እኚያ አዛውንት ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፍሉ አልተቆጡም። “አዴር፣ ይቅርታ” ስላቸው “መጀመሪያ ብትነግሩኝ ኖሮ ተበድሬም ቢሆን አሠራው ነበር” ብቻ አሉኝ። ከስድብ በላይ ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። በተግባር ፈተናችን ላይ ሞተር ፈቶ መግጠም ብቻ ሳይሆን የልኬት ወረቀት ሞልቶ “ይህን ለምን ቀየርክ? ይህንስ ለምን መለስክ?” ለሚለው መልስ መስጠትም ነጥብ ይያዝበት። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ፦ ቦር ጌጁን ከሳጥኑ እናውጣው። እኔ ያን ቀን ባወጣው ኖሮ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቸር እንሰንብት።