ብሩን የሚያገላብጡ እጆች

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላው የደጋ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማርትሬዛ ብር የተሰጠው ሰው አገላብጦ ያይ ነበር። የንግሥቲቱ የራስና የትከሻ ጌጥ ፈርጦች ጠርተው ካልታዩት አይቀበልም። አንዳንድ የውጭ ተጓዦች በዚህ ሲሳለቁ፣ እኔ በሕግ ባለሙያ ዓይን ማስረጃ መመርመር ነው እላለሁ። «1780» የሚለው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ ኋላም በሮምና በለንደን ለተቀረጸ ብር፣ ከጥርት ቅርጹ ሌላ ምን ዋስትና ነበረው? ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹት ብር እንኳ አዋጅ ቢደግፈውም ማርትሬዛን ከገበያ አላስወጣውም። እምነት በአዋጅ አይታተምምና!

ዛሬም ገበሬው በ2013 ዓ.ም. የወጡትን ኖቶች ሲዳብስ «ቶሎ በል» ማለት ነውር ነው። ሐሰተኛው ኖት እጁ ላይ ከቀረ ኪሳራው የእሱ ነው። ባንኮች መለያ ምልክቶቹን እስከ ገጠር ገበያ ወርደው ያስተምሩ።