ብርቱካን የተሳለበት ብልቃጥ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቤቴ መጣች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ምንም አይደል ጋሼ፣ ቫይታሚን ሲ ነው» አለችኝ። ነጠላውን ገለጥ ስታደርገው ጉንጮቿ እሳት የነካቸው ይመስላሉ። ሠርጓ ለጥር ነው። የሙሽራው እህት «ለቪዲዮው ትንሽ ፈካ በይ» ብላ መክራት ኖሯል። መርካቶ ሄዳ ገዛች። ብልቃጡ ላይ ብርቱካን ተስሏል፤ ውስጡ ምን ምን እንደገባ ግን አልተጻፈም። የአምራቹ አድራሻም የለም።

እንግዲህ ለቫይታሚን ሲ ጥብቅና ልቆም ነው! ቆዳችንን የሚያጠይመው ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በሚባል፣ መዳብ ባዘለ ኢንዛይም አማካይነት ነው። ኢንዛይሙ ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ዶፓኩዊኖን ይለውጠዋል፤ ከዚያ ነው ወደ ሜላኒን የሚኬደው። ቫይታሚን ሲ መሀል ገብቶ ዶፓኩዊኖኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ የመዳቡንም ሥራ ያውካል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማድያትን ወይም የብጉር ጠባሳን በወራት ትዕግሥት ፈካ ሊያደርግ ይችላል። ጠይሟን ግን «ቀይ» አያደርጋትም። ሜላኒን የሚሠሩትን ሴሎች አይገድልምና መቀባቱ ሲቆም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ደግሞም አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቡኒ ሆኖ የሚበላሽ ስስ ነገር ነው። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከሚውል ብልቃጥ ምን ይጠበቃል?

ታዲያ በሳምንት የሚያነጣው ምንድን ነው? በየአገሩ በተመረመሩ ቆዳ ማንጫ ቅባቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የተገኙት ባዜቃ (ሜርኩሪ)፣ ሃይድሮኩዊኖንና ጠንካራ ስቴሮይድ ናቸው። ባዜቃ ኩላሊት ይጎዳል። የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲፈረም በኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ባዜቃ ያለበት ማንጫ ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር አገርም እንዳይሻገር ደንግጎ ነበር።

አዋጅማ እኛም አለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም ይመለከታል። ግን ለማን? ሽንኩርት ዘርግታ የምትቸረችር እናት ላይ ደንብ አስከባሪ ሲሮጥ በዓይናችን እናያለን። አድራሻ የሌለው ብልቃጥ በጠራራ ፀሐይ ሲቸበቸብ የሚሮጥ አላየሁም። ጎበዝ፣ ሽንኩርት ነው ወይስ ባዜቃ ኩላሊት የሚያበላሸው?

ልጅቱን ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። ብልቃጡን እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ። እመረምራለሁ የሚል መሥሪያ ቤት ካለ መጥቶ ይውሰደው።