ካቻቢቴው ወደ ኪስ ይመለስ

ሞተሩ ሞቋል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ ባለቤቱ ካቻቢቴ ይዞ ካርቡራተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል። መኪናዋ በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ከተሠሩት ኤምጂቢዎች አንዷ ናት እንበል። ሁለት ሕመም አለባት። ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባላት ጥርሷን ታፋጫለች፤ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ተረግጦ ስትቆም ደግሞ ሚኒሞዋ ይወርድና ልትጠፋ ትንገዳገዳለች። ባለቤቱ ምርመራውን ጨርሷል፤ አንዱን ሕመም ለፍሪሲዮን ዲስኩ፣ ሌላውን ለካርቡራተሩ ብሎን አከፋፍሏል። አሮጌ የስፖርት መኪና ባለበት ሁሉ ይህ ሰው አለ። የዚህ ዓምድ ክርክርም ከእሱ ካቻቢቴ ጋር ነው።

ኤምጂቢ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ባለ 1798 ሲሲ ሞተር፣ በአብዛኞቹ ላይ ሁለት ኤስዩ ካርቡራተር፣ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን አላት። ኮምፒውተር የለም፤ ገመድ ተሰክቶ ጉድለቷን አትናዘዝም። የሚመረምራት ሰው ያለው ጆሮው፣ ጣቱና አንዲት ማስመሪያ ብቻ ነው።

ማስመሪያዋ ዋጋ አላት። በዚህች መኪና ላይ ፍሪሲዮን ዲስክ ለመቀየር ካምቢዮውን ብቻ ከሥር አውርዶ መገላገል የለም፤ ሞተሩ ተንጠልጥሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ክሬን ከመጠራቱ በፊት አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሌላው መኪናዋ በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ከቆመች በኋላ ከሥር ተኝቶ፣ የታችኛው ሲሊንደር ዘንግ ምን ያህል እንደተገፋ ይለካል። 12 ሚሊሜትር አካባቢ ከሄደና ማርሹ አሁንም ከተፋጨ፣ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ክሬኑ ይምጣ። ከዚያ በብዙ ካነሰ ግን ዲስኩ ላይ ገና ፍርድ አይሰጥም፤ ግፊቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል፣ የሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቆ ይሆናል፣ ወይም ላስቲኩ ቱቦ በግፊት እየተነፋ ይሆናል። ፔዳሉ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ማርሹ እሺ ብሎ ከገባ፣ ጥርጣሬው ወደ አየሩና ወደ ላይኛው ሲሊንደር ያዘነብላል።

(ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሚኒሞ፣ ካቻቢቴ፦ የእንግሊዝን መኪና በአማርኛ ለመመርመር የጣሊያን ቃል መዋስ ግድ ሆኗል። ጋራዥ ውስጥ ማንም ቅር አይለውም።)

ወደ ሚኒሞው እንመለስ። ኤስዩ ካርቡራተር ስሙን ያገኘው ከስኪነር ወንድማማቾች ነው፤ ቤተሰባቸው በጫማ ንግድ የታወቀ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ካርቡራተሮች ላይ የዛሬውን ፒስተን ቦታ የያዘውም የቆዳ ወናፍ ነበር። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ሁሉም ሰው ይደፍረዋል፤ መከራው እዚህ ላይ ይጀምራል። የቫልቭ ክፍተቱ 0.38 ሚሊሜትር መሆኑ ሳይታይ፣ የካንዴላው ብልጭታ በሰዓቱ መድረሱ ሳይረጋገጥ፣ ብሎኑ ይዞራል። ከዚያ የቀድሞውን ጥፋት ከአዲሱ መለየት ያቅታል።

ካርቡራተሩ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ የሚጠይቀው ከተገኘ። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ፒን ፒስተኑን አንድ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ስታነሳው ሞተሩ ፈጥኖ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው።

ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሥር የሚገናኙበት፣ ብዙዎች የሚዘሉት ምርመራ ደግሞ አለ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኩሽኔታው ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚሸከሙት ክራንክ ሻፍቱን መሐል ላይ ይዘው የሚያስቀሩት ቀጫጭን ማስደገፊያ ቀለበቶች ናቸው። እነሱ ካለቁ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። ለማየት ቀላል ነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው የቺንጋውን ፑሌጃ ያያል። በጤነኛ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ፑሌጃው በግልጽ ወደ ፊት ብቅ ካለ፣ የካርቡራተር ጨዋታ አብቅቷል። በነገራችን ላይ ጠዋት ካምቢዮው ሳይሞቅ ፔዳል ሲረገጥ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ቢል በሽታ አይደለም፤ ሞተሩ በቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ የሚዞሩትን ጥርሶች ከመጎተት ስላረፈ ነው።

የኛ ባለመኪና ፑሌጃ ንቅንቅ አላለም። የታችኛው ሲሊንደር ዘንግ ግን የሄደው 8 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ፔዳሉን ከላይኛው ሲሊንደር ዘንግ ጋር የምታያይዘው ፒን ስትወጣ ወገቧ ተበልቶ ቀጥኗል፤ የገባችበት ቀዳዳም ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሏል። የእግሩ ጉልበት የሚባክነው እዚያ ነበር። ቀዳዳው ተሞልቶ እንደገና ተበሳ፣ አዲስ ፒን ገባ፣ ወደ ኋላ ማርሹ ያለ ድምፅ ተቀበለ።

ሚኒሞው ግን አሁንም ይወርዳል። ባለቤቱ ሁለት ችግር ነው ማለቱ ልክ ነበር፤ የሳተው አድራሻቸውን ነው። የዚህች መኪና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ኳስ የለውም፤ የግራፋይት ቀለበት ነው፤ ሲረገጥ እየተፋተገ ከሞተሩ ጥቂት ጉልበት ይወስዳል። ጤነኛ ሚኒሞ ይህን ይችለዋል፤ የደከመ ሚኒሞ ይንበረከካል። ያደከመው ምንድነው? ብዙዎች ካርቡራተር ማጽጃ ረጭተው የአየር ማስገቢያ ይፈልጋሉ፤ ካርቡራተሮቹ ግን ከጋለው የጭስ ማውጫ በላይ ስለተቀመጡ ድፍረቱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጣት ይበቃል። የኋላኛው ካርቡራተር የቤንዚን መስጫ ዘንግ ጫፉ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዝ ሞተሩ አብሮ ዜማውን ቀየረ። ዘንጉ ቤቱን በልቶ አየር ያስገባል፤ ባለቤቱ በካቻቢቴው ሲያሳድደው የከረመው ይህንኑ አየር ነበር።