«ቀይዋ ማን ናት?»

በየዓመቱ ነሐሴ 16 ሲደርስ ስልኬ በሰቆጣ ልጆች ይሞላል። ሹሩባ ተሠርተው፣ ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔም አስሬው ጨፍሬያለሁ። ከዚያ ኮሜንቱን እከፍታለሁ። «ቀይዋ ማን ናት?» «የቀይዋን ስልክ ላኩልኝ!» ዜማ የምታወጣዋን ጥቁሯን ልጅ ግን የሚጠይቅ የለም። አምና አንዷ ፊቷን በፊልተር አንጥታ ለጥፋ ማን እንደሆነች መለየት አቅቶኝ ነበር።

ቀልድ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኛ አገር እኮ ጥቁረት «ባሪያ» ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አፋችን ላይ አለ። ራሳችንን ስንጠራ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም ነን፤ ጥቁር ሁሌም ሌላው ነው።

ከዋግ ልጆች አረብ አገር የሚሄዱ አሉ። ቤሩት ደግሞ ቀይና ጠይም ብላ አትለይም። ሁሉንም «አብድ» የሚላቸው አይጠፋም፤ ባሪያ ማለት ነው። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ ይወሰድባታል፤ «ወንድ ጋ ትሄዳለች» ተብሎም በር ይቆለፍባታል። ለወንድ የቀን ሠራተኛ በዚህ ምክንያት በር አይቆለፍም። ማዳምም ሴት ናት፤ ቁልፉ ግን እሷ እጅ ነው። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት ቪዲዮውን ብዙዎቻችን አይተናል። በቀጣዩ ወር ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ።

በሕይወት የተመለሰችውስ? አንዲት ጓደኛዬ ከቤሩት በላከችው ብር ለአባቷ በሬ ተገዛ። ያኔ ማንም ምንም አላለም። የጋብቻ ወሬ ሲመጣ ግን «አረብ አገር የነበረች፣ ምኗ ይታመናል?» ተባለ። በሬውን ይመልሱላታ! እሷ ግን እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «እዚያ ማዳም ስልኬን እየከፈተች ወንድ ትፈልግ ነበር። እዚህ ደግሞ አክስቴ።»

ለመጪው ሻደይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ቀይዋ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጉና ዜማ አውጪዋ ምን እንደምትል ስሙ። ኽምጣና ካልገባችሁ ትርጉሙን ጠይቁ፤ ኮሜንት ላይ የሚመልስላችሁ የሰቆጣ ልጅ አይጠፋም።