ከሕያው ሰው ስለሚሰጥ የጉበት ክፋይ

ሰው ለዘመዱ ዋስ ሲሆን አስቀድሞ የዕዳውን ልክ ይጠይቃል። ለታመመ ዘመዱ ከገዛ ጉበቱ ከፍሎ የሚሰጥ ሰውም ዋስነቱ በገንዘብ ሳይሆን በገላው ነውና፥ የሚቈረጥበትን ልክ ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል።

የዐዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ኩይኖ በ1957 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ባሳተሙት መጽሐፍ ጉበትን በደም ሥሮቹ አካሄድ መሠረት በ8 ክፍል ለይተው አሳዩ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የደም መግቢያና የሐሞት መውጫ ስላለው፥ ሐኪም አንዱን ወገን ቈርጦ ሌላውን በሕይወት ለማቈየት ይችላል። የተቈረጠው ወገን ተመልሶ አይበቅልም፤ የቀረው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እየገዘፈ ወደ ቀድሞው መጠን ይቀርባል። የተሰጠውም ክፋይ በተቀባዩ ገላ ውስጥ እንዲሁ ያድጋል።

ሥራው የተጀመረው ለሕፃናት ሲባል ነው፤ ለትንሽ ገላ የሚስማማ ትንሽ ጉበት ከሞተ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበርና። በ1988 ዓ.ም. በብራዚል አገር ዶክተር ሲልቫኖ ራያ ሞከሩት፤ ነገር ግን አልሰመረም። በ1989 ዓ.ም. በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ አንዲት ጃፓናዊት እናት ከጉበቷ ከፍላ ብትሰጥ፥ ዶክተር ራስል ስትሮንግ ለልጇ ተከሉለትና ልጁ ዳነ።

ዛሬ የሚሰጠው ክፋይ በዋናው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የግራው ጫፍ ሲሆን ከጠቅላላው አምስተኛውን እጅ ያህላል፤ ለሕፃን ይበቃል፤ ለሰጪውም አደጋው ከሁሉ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ሙሉው የግራ ክንፍ ሲሆን ሲሦውን ያህላል፤ ከፍ ላለ ልጅ ወይም ገላው ቀላል ለሆነ ዐዋቂ ይሆናል። ሦስተኛው የቀኝ ክንፍ ሲሆን ከመቶ 60 ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይይዛል፤ ለዐዋቂ የሚበቃው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በ1996 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ዶክተር ፋን ሼንግ ታትና የሥራ ጓደኞቻቸው ይህን ክንፍ ከመካከለኛው ደም ሥር ጋር ለዐዋቂ በሽተኛ ተከሉ።

ልኩ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ክፋዩ ከተቀባዩ ክብደት ከመቶ 0.8 እንዳያንስ፥ ለሰጪውም ከጉበቱ ከመቶ 30 በታች እንዳይቀርለት ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ክፋዩ ካነሰ ከአንጀት የሚመጣው ደም ያጥለቀልቀዋል፤ የበሽተኛውም ዓይን ቢጫ ይሆናል፥ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል። ለምሳሌ አባት 70 ኪሎ ቢመዝን 560 ግራም ያስፈልገዋል። የልጁ ጉበት 1200 ግራም፥ የግራው ክንፍ 400 ግራም ቢሆን ግራው ለአባት አይበቃም፤ የቀኙ 800 ግራም ግን ይበቃል፤ ለልጁም ሲሦው ይቀርለታል። ነገር ግን የግራው ክንፍ 300 ግራም ብቻ ቢሆን፥ ቀኙ ሲቈረጥ ለልጁ ከመቶ 25 ብቻ ስለሚቀርለት፥ ምንም ቢለምን ሐኪሙ እንቢ ይላል። እንዲህ ላለው ጭንቅ መፍትሔ ሲፈልጉ፥ በ2000 ዓ.ም. በሴኡል ከተማ ዶክተር ሊ ሱንግ ግዩ ከሁለት ሰዎች ሁለት የግራ ክንፍ ወስደው ለአንድ በሽተኛ ተከሉ።

አደጋውንም አንሰውር። ከሰጪዎች መካከል የሞቱ አሉ፤ ቍጥራቸውም ግራውን ከሰጡት ከ1000 ሰው 1፥ ቀኙን ከሰጡት ከ1000 ሰው ከ2 እስከ 5 እንደሚሆን ይገመታል። ሐሞት የሚያፈስባቸውና ቍስላቸው የሚያመረቅዝባቸውም አሉ። ስለዚህ ሥርዓት ባለው ሆስፒታል፥ ከተቀባዩ ሐኪም የተለየ ሌላ ሰው ዘመድ በሌለበት ሰጪውን ለብቻው ያነጋግረዋል። ልቡ ካልፈቀደ ለቤተ ሰቡ «አይስማማም» ተብሎ ይነገራል እንጂ ምክንያቱ አይገለጥም።

ይህ ሥርዓት ለየቤታችን ትምህርት ነው። ታላላቆች ተሰብስበው ታናሹን ወንድም በመካከል አቁመው «የምትሰጥ አንተ ነህ» ቢሉት፥ አፉ እሺ ቢል እንኳ ፈቃድ አይባልም። በግድ የተፈረመ ውል እንደሚፈርስ እናውቃለን፤ የተቈረጠ ጉበት ግን ወደ ቦታው አይመለስም። የሚሰጠው በፍቅር ይስጥ፤ የማይሰጠውም ያለ ነቀፋ በቤቱ ይኑር።